ለአጋዲር የተላከው አረቄ

ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ የጨርቄን ጫፍ ወገቤ ላይ ቋጥሬ በአክራ ባሕር ዳር፣ በጄምስታውን አሸዋ ላይ ስሮጥ ያየኝ ሰው ሁሉ ሌባ የማባርር መስሎት «ያዘው! ያዘው!» እያለ ተከተለኝ። ኧረ የምን ሌባ! ሌባዋም እኔ፣ አባራሪዋም እኔ ነበርኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሰውነቴ ደግሞ የሚሮጥ ሰውነት አይደለም፤ በአክራ ዓሣ ገበያ «ማሚ ዴዴይ ልትቀመጥ ስትል ወንበሩ ይጸልያል» እያሉ ይቀልዱብኛል። ያን ቀን ግን ጨርቄን ማቄን ሳልል እበር ነበር።

ከኋላዬ የገበያ ጎረቤቴ ማላም ሹአይቡ ረጅም ነጭ ቀሚሱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ያለከልካል።

«ዴዴይ፣ ቀስ በይ እንጂ! እኔ ጾመኛ ነኝ!»

«ይሄን ጾምህን ትናንት አስታውሰኸኝ ቢሆን ኖሮ ማናችንም አንሮጥም ነበር!»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነቱን ነው፤ ማንም አልጠየቀውም። ግን እየሮጡ ጥፋትን ማመን ይከብዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፌብሯሪ መጨረሻ ሌሊት አጋዲር የምትባል የሞሮኮ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ተደረመሰች። የገበያው ሬዲዮ ሲናገር ዓሣ የምትመዝነው መመዘኗን ተወች፤ ስንት ሺህ ሰው ተኝቶ ሳለ ቤቱ ወደቀበት። በሳምንቱ የእኛ የጋና መንግሥት ዕርዳታ እልካለሁ አለ። ብርድ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ሩዝ፣ የቆርቆሮ ዓሣ። እልል አልን! ነጻ ከወጣን ገና ሦስት ዓመታችን፣ የበዓሉ ባንዲራ እንኳ ከየደጁ አልወረደም፤ እኛ ደግሞ በተራችን ባሕር ተሻግረን ለሰው ልንደርስ። እንዲያ ያለ ኩራት በዕድሜዬ አላየሁም።

ያን ሁሉ ዕቃ አሰባስቦ በመርከብ እንዲጭን የተሾመው ማን ሆነና! አማርካይ ነው፤ የሟች እህቴ ልጅ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደግሁት። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ መነጽር፣ ክራባት፣ በብብቱ የማይለየው የወረቀት ማኅደር። ገበያ መጥቶ ብርድ ልብሱን እንድናሽግለት ለመነን፤ ሃያ አራት ሴቶች ሆነን ተነሣን። ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅሁት።

«ልጄ፣ የሐዘኑን ቃል የሚያደርስ ማነው? መጠጡስ የታለ?»

ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። «ማሚ፣ አረቄ እዚህ ላይ የለም። ይሄ የመንግሥት ዕርዳታ ነው እንጂ ለቅሶ ቤት መሄድ አይደለም።»

ለቅሶ ቤት አይደለም! ከተማ ሙሉ ሰው ሞቶ? ከእኛ ከአክራ ተወላጆች፣ ከጋ ሕዝብ መካከል መጠጥ ሳይዝ፣ አንደበተኛ ሰው ሳያስቀድም ሐዘንተኛ ደጅ የሚቆም ማን ነው? የብርድ ልብስ ክምር ጥሎ መሄድማ «እንኳን ሞታችሁ» ማለት ነው። የተማረ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ይጎድለዋል ብዬ ዝም አልኩት። ከዚያ ሴቶቹን ሰበሰብኩ።

እኛ ዘንድ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ሁሉ ለቀብሯ ቀን የምታስቀምጣት አንድ ጠርሙስ የሆላንድ አረቄ አለቻት፤ አራት ማዕዘን፣ አረንጓዴ፣ ማኅተሟ ያልተነካ። የእኔዋ አልጋዬ ሥር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። እሷን አወጣሁ። ሃያ ሦስቱም የየራሳቸውን አመጡ። በሁለት ሣጥን፣ ከብርድ ልብሱ ሥር አስተኛናቸው። ገመዱ ላይ የሐዘን ቀይ ጨርቅ አሰርንበት፤ የዚያ አገር ሴቶች አይተው «ከዚህ ሥር ቃል አለ» ይላሉ ብለን ነው። አማርካይ ምንም ሳያውቅ ሣጥኖቹ ላይ አንድ በአንድ ፈረመባቸው።

ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ ታዲያ አላስችል ብሎኝ ለማላም ሹአይቡ ነገርኩት። እሱ ቁርአን የተማረ፣ ማላም የምንለው ሰው ነው፤ የሚታኘክ የኮላ ፍሬ ይሸጣል፣ መደቡም ከእኔ ፊት ለፊት ከሆነ ሠላሳ ዓመቱ። ኮላው ከእጁ ዱብ አለ።

«ዴዴይ… ሞሮኮዎች እኮ ሙስሊሞች ናቸው።»

«ምን? ነጮች አይደሉም እንዴ?»

«ሙስሊሞች ናቸው።»

«ከፈረንሳዮቹ አጠገብ አይደል አገራቸው? አረቄውን የሚጠምቁት እነዚያው…»

«አንቺ ሴት! ሙስሊሞች ናቸው! ደግሞም ወሩ የጾም ወር ነው!»

«ያንተ ጾም ነው እንጂ… እነሱም በዚሁ ወር ነው የሚጾሙት?»

ማላም እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ጾሙ አንድ ነው፣ ዴዴይ።»

የአገሬ የመጀመሪያ ስጦታ መርከቢቱ በምታራግፍበት በካዛብላንካ ወደብ በሹማምንት ፊት ሲከፈት፣ በጾም ወር፣ ሬሳ ገና ከፍርስራሽ በሚወጣበት ሰዓት፣ አረቄ! ሣጥኑ ላይ ደግሞ የልጄ ስም በጥቁር ቀለም። በማግስቱ ከሥራው ያባርሩታል፤ ማባረር ብቻ ቢሆንስ ደግ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ «አረቄ የላከው» ተብሎ ይቀራል። መርከቢቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትነሣለች። ሣጥኖቹ ጠዋት ሄደዋል። እንግዲህ የሮጥኩት ለዚህ ነው።

ባሕሩ ዳር የቀረችው አንዲት ጀልባ ብቻ ናት። የአክራ ባሕር መርከብ አያስጠጋም፤ መርከብ ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ዕቃና ሰው በጀልባ ማዕበሉን ሰብሮ ይሄዳል። ቀዛፊዎቹ ጫፋቸው እንደ ሦስት ጣት የተከፈለ መቅዘፊያዎች ይዘው ተቀምጠዋል። ከኋላ ረጅሙን መሪ ይዞ የቆመው ደግሞ አታ ኦክፖቲ ነው። የቀድሞ ባሌ። ከተፋታን አሥራ አንድ ዓመታችን፤ ከዚያ ወዲህ ዓሣ ከእኔ አይገዛም፣ እኔም ሰላም አልለውም።

«ጫነኝ!» አልኩት።

«ጀልባዬ ሴት አትጭንም።»

«የእንግሊዞቹን ሚስቶች ስትጭን አልኖርክም?»

«እነሱ ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት።»

ቀዛፊዎቹ ሳቁ። ምርጫ አልነበረኝም፤ ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጨረሻ መሪውን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ እሱን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ለጾመኛ አረቄ! ዴዴይ! እስቲ ያቺን ቃል በያት።»

«የትኛዋን?»

«አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኋትን።»

ገባኝ። «ተሳሳትኩ» አልኩ።

«ማዕበሉ ይጮሃል፤ አልሰማሁም።»

«ተሳሳትኩ! አንተ ክፉ ሽማግሌ፣ ተሳሳትኩ!»

«ጫኗት!» አለ።

ሁለት ቀዛፊዎች ትከሻቸው ላይ አወጡኝ፤ አንደኛው «አታ፣ ይሄስ ሁለት ጉዞ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ማላምን አንድ ሰው ብቻ ተሸከመው። የመጀመሪያው ማዕበል ጀልባዋን ብድግ አድርጎ መልሶ ሲያላትማት ማላም ዐይኑን ጨፍኖ ቁርአኑን ያነበንባል፤ እኔም ከእሱ ጸሎት ትንሽ ይድረሰኝ ብዬ ተጠጋሁት። ቀዛፊዎች ያለ ዘፈን አይቀዝፉም፤ ዘፈኑንም እዚያው ነው የሚያወጡት። የዚያን ቀን ማን ላይ እንዳወጡት መናገር አያስፈልገኝም።

«ማሚ ዴዴይ ስጦታ ላከች!»

«ለማን? ለማን?»

«ውሃ እንኳ ለማይጠጣ!»

«ምን ላከች? ምን ላከች?»

«ጉሮሮ የሚያቃጥል!»

ማላም ሳይቀር ዐይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ። እኔ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ ይገባኛል።

ወደ መርከብ የሚወጣው በመሰላል አይደለም። ከላይ በክሬን አንዲት የእንጨት ወንበር ትወርዳለች፤ ዙሪያዋ እንደ ሣጥን የታጠረ። እዚያ ውስጥ ማላምንና እኔን አጨቁን። የክሬኑ ሰው ከላይ «ሰው ነው ጭነት?» ብሎ ጮኸ። አታ ኦክፖቲ «ሁለቱም!» ብሎ መለሰለት። ሽቅብ ስንነሣ፣ ባሕሩ ከእግሬ ሥር ሲያንስ፣ የጮህኩትን ጩኸት እስከ ባሕር ዳሩ የመብራት ማማ ድረስ ሰምተውታል አሉ።

መርከቡ ወለል ላይ ስወርድ አማርካይ ከነማኅደሩ ቆሟል። ሲያየኝ መልኩ ተለወጠ።

«ማሚ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም፤ እኔ ግን ልሞት ነው» አልኩና ዘረገፍኩለት።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። መነጽሩን አውልቆ በክራባቱ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ።

«ስንት ጠርሙስ?»

«ሃያ አራት።»

«ማሚ… ፊርማዬ እኮ አለበት።» ድምፁ የሰባት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ።

«ለምን ሙስሊሞች ናቸው አላልከኝም?»

«ታውቂያለሽ ብዬ ነዋ! አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ጠየቅሁህ! አንተ ዝርዝር አነበብክልኝ!»

ካፒቴኑ፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ ሆላንዳዊ፣ ሰዓቱን እያየ መጣ፤ ግማሽ ሰዓት ቀርቷል፣ የዕቃው ክፍል ሊዘጋ ነው አለ። አማርካይ እውነቱን እንደወረደ ነገረው። ያ ልጅ በዚያች ሰዓት ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም፤ ኮራሁበት። ካፒቴኑ ቅንድቡን ሰቅሎ ወደ እኔ አየ፤ ከዚያም በእጁ ወደ ታች አመለከተን።

ወደ ዕቃው ክፍል ወረድን፤ አንደኛው ሣጥን ከላይ ስለነበር ወዲያው አገኘነው። ሁለተኛው ግን ከክሬኑ ሲወርድ ተመትቶ ጎኑ ተሰንጥቋል። አጠገቡ አንድ መርከበኛ ተንበርክኳል፤ ክንዱ እስከ ትከሻው የከሰል ጥቀርሻ፣ ራሱ ላይ ቀይ የሱፍ ቆብ። በእጁ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ጠርሙስ ይዞ ያገላብጠዋል።

አማርካይ በጆሮዬ «ላህሰን ይባላል» አለኝ። «እሳት ክፍል ነው የሚሠራው። ማሚ… የአጋዲር ልጅ ነው።»

ጉድ ፈላ! ካዛብላንካ፣ ሹማምንት ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ ሐዘንተኛው ፊቴ ተንበርክኮ የእኔን አረቄ ይዞ አየሁት። ሰውየው ቀና ብሎ በአረብኛ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይሄን ማን ላከልን? ይላል» አለ ማላም ቀስ ብሎ።

እኛ ዘንድ ይቅርታ በጫማ አይጠየቅም፤ ጫማዬ ከሩጫው ጀምሮ በእጄ ነው። ጨርቄን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ለንጉሥ ወይም ለጥፋት ብቻ ነው የሚወርደው። «ማላም፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገርልኝ» አልኩ።

«እኔ ነኝ የላክሁት። በእኛ አገር ሐዘንተኛ ዘንድ ባዶ እጅ፣ ባዶ አፍ አይኬድም። ይሄ ለገዛ ቀብሬ ያስቀመጥኩት ነው። ክልክል መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከጾመኛ ፊት ለፊት ዓሣ ሸጫለሁ። ይሄ ልጅ ምንም አያውቅም። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።»

ማላም ተረጎመ። ላህሰን ጠርሙሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ባዶ እግሬን አየ። የከንፈሩ ዳር ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። ደግሞ ምን ዓይነት ሳቅ! ካፒቴኑ ከላይ አጎንብሶ አየ።

«እናቴ ብትሆን በመጥረጊያ ታባርርሻለች» አለ በማላም በኩል። «መንገዱ ጫፍ ስትደርሺ ደግሞ ተከትላ፣ ለማፍጠሪያ ግቢ ብላ ትጎትትሻለች።»

«እናትህ ደህና ናት?»

ሳቁ እዚያው ቆመ። መርከቧ ሌጎስ ወደብ ሳለች ነው ወሬውን የሰማው። ሰፈራችሁ የለም ብለውታል። ከእናቱ፣ ከሁለት እህቶቹ ማን እንደተረፈ አያውቅም። «ከዚያ ቀን ጀምሮ አካፋ ነው የያዝኩት። አይዞህ ያለኝ አለ። አጠገቤ የተቀመጠ ግን የለም።»

አጠገቡ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ማላም በሌላኛው ጎኑ። አማርካይም ሱሪው ይቆሽሻል ሳይል ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ላህሰን ጠርሙሱን ጭኑ ላይ እንደያዘ አለቀሰ፤ እኔም ለማላውቃት ሴትዮ አለቀስኩ።

እንዲህ እንዳለን አታ ኦክፖቲ «አቃጠላችሁኝ እኮ!» እያለ በገመድ ወጥቶ መጣ። አየን። ማንም ሳይነግረው ገባውና ቆቡን አወለቀ። ክፉ ሽማግሌ ነው፤ ግን በለቅሶ ቤት እንደ እሱ አንደበት ያለው በአክራ የለም፤ ያገባሁትም ለዚያ ነው። ከላህሰን ፊት ቆሞ፣ ቃሉን በየመሐሉ ለማላም እየቆረጠ፣ እንዲህ አለው፦

«ወንድማችን፣ ከጋና ነው የመጣነው። የመጣነው ለክፉ አይደለም። ቤታችሁ ወደቀ ሲሉ ሰማን፤ ሰምተን መቀመጥ አልቻልንም። መንግሥታችን ልብስ ላከ፣ ምግብ ላከ፣ መድኃኒት ላከ። እኛ ደግሞ ቃላችንን ይዘን መጣን። ለእናትህም፣ ለእህቶችህም፣ ለሁሉም አዝነናል። ቃላችን ይሄ ነው።»

ይሄ ሲባል ሐዘንተኛው መመለስ አለበት፤ ካልመለሰ የመጣው ሁሉ አልደረሰም ማለት ነው። ላህሰን የእኛን ደንብ ከየት ያውቀዋል? ተነሣ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጥቂት ቃል በአረብኛ አለ፤ ማላም ተረጎመ።

«ሰምተናል፤ ደርሶናል ይላል።»

እፎይ! አማርካይን ዞሬ አየሁት። መነጽሩ ጉም ለብሷል።

የቀረው አረቄው ነው። ለሞተ ሰው የወጣ መጠጥ ወደ ቤት አይመለስም። አታ ኦክፖቲ አሰበና «ባሕሩ ይሄው ውሃ ነው፤ እነሱም ዘንድ ይደርሳል። ሙታኖቻችን ለሙታኖቻቸው ይንገሩልን» አለ። ላህሰን ሲተረጎምለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ባሕሩ የአላህ ነው፤ ምን አገባኝ። እኔ ግን ከመርከቡ በዚያኛው በኩል እቆማለሁ።» ማላምም ቀሚሱን ሰብስቦ አብሮት ሄደ።

አታ ኦክፖቲ ከላይ መርከቡ ጠርዝ ላይ ቆሞ የሴቶቹን ስም አንድ በአንድ እየጠራ፣ ማኅተሙን እየሰበረ ሃያ አራቱንም ባሕሩ ላይ አፈሰሰ። ከታች ጀልባዋ ውስጥ አንዱ ቀዛፊ «አታ፣ የመጨረሻዋን እንኳ!» ብሎ ሲለምን «ዝም በል፣ ለቅሶ ላይ ነን!» አለው። ካፒቴኑ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። እሱ ያዘነው ለሙታኑ ይሁን ለአረቄው፣ አላውቅም።

አማርካይ ከማኅደሩ የመንግሥቱን ደብዳቤ አወጣ፤ የተተየበ፣ ማኅተም ያለበት። ለወደቡ ሹም በፖስታ ሊደርስ የተዘጋጀ ነበር። ላህሰንን ጠርቶ ሰጠው።

«ዕቃው ሲራገፍ አጠገቡ ቁም» አለው በማላም በኩል። «ደብዳቤውን ስጣቸው። ከዚያ ደግሞ ሽማግሌው የነገረህን በአፍህ ንገራቸው። ዝርዝሩ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ቃሉን የምታደርሰው አንተ ነህ።» ካፒቴኑን ቀና ብሎ አየው፤ ካፒቴኑም «ይሁን፣ ያን ቀን ከእሳት ክፍል ነጻ ነው» አለ። ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ነው አይደል፣ ማሚ?» አለኝ። ጉንጩን ሳምኩት፤ በሰው ፊት አትሳሚኝ ማለቱን ያን ቀን ረሳው።

በዚያችው ወንበር ወረድን። ጀልባዋ ከመርከቧ ስትለይ የመልሕቁ ሰንሰለት ይንኳኳል፣ ጭሱ ከፍ ብሏል። ላህሰን የመርከቡን አጥር ተደግፎ እጁን አፉ ዙሪያ አድርጎ ጮኸ። ማላም ጆሮውን አቀና።

«ምን አለ?» አልኩት።

«አያድርገውና የእናንተም ቤት ቢፈርስ፣ ማንን ብለን እንምጣ? ይላል።»

ቀዛፊዎቹ መቅዘፍ አቆሙ። በዚህ ባሕር ዳር ተወልጄ ስንት መርከብ አይቻለሁ፤ ወርቃችንን፣ ካካዋችንን፣ ሰዋችንን ሊወስድ ነው የሚመጣው። ብትወድቁ እንምጣ ወይ ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም።

«ዴዴይ ብላችሁ ኑ!» ብዬ ጮህኩ። «ዓሣ ገበያ፣ ዴዴይ በሉ፤ ሕፃን ያሳያችኋል!»

ማላም ተነሥቶ፣ ጀልባዋ እየተናወጠች፣ ባለ በሌለ ድምፁ አስተጋባ። ከላይ ሳቅ ሰማን፤ ከዚያም መልሱ መጣ።

«እንመጣለን፤ እኛ ግን አረቄ አናመጣም፤ ሻይ ነው የምናመጣው! ይላል።»

አታ ኦክፖቲ ከእኔ ቀድሞ መሪውን ሽቅብ አነሣና፣ እንባና ሳቁ ተቀላቅሎ፣ ባሕሩን የሚያናውጥ ድምፅ አወጣ።

«ኑ! ስኳሩ ከእኛ!»